በደብረ ብርሃን ብርድ የተፈተኑ አራት የጺም መላጫ ብሩሾች፤ ስለ ባጀር ጸጉር ምርጫና አያያዝ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ማለዳ ከቤቱ የወጣ ሰው ሣሩን በውርጭ ነጥቶ ያገኘዋል። በእንዲህ ያለ ማለዳ ጺም መላጨት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ቆዳ በብርድ ይኮማተራል፣ የጺሙ ጸጉር ይጠነክራል፣ በእጅ የተቀባው ሳሙናም ምላጩ ሳይደርስበት ደርቆ ይጠብቃል። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ የተላጨሁት የገላ ሳሙና በመዳፌ አሽቼ ፊቴን በመቀባትና ወዲያው ምላጭ በማሳለፍ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት አንገቴ ከሽፍታ ነጻ የሆነበትን ሳምንት አላስታውስም። ይህን ልማድ የተውሁት የዛሬ ሦስት ዓመት ብሩሽ መጠቀም ስጀምር ነው፤ ከዚያ ወዲህ አራት ብሩሾች በእጄ አልፈዋል፤ ሦስቱ የባጀር ጸጉር፣ አንዱ ሰው ሠራሽ ናቸው። በእነዚህ ብሩሾች ያየሁትን በዝርዝር የምጽፈው በደጋው የሚኖር፣ እንደ እኔም ጺሙ ጥቅልል የሆነ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት እንዲያነበው ብዬ ነው።

ባጀር በአውሮፓና በእስያ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር፣ ፊቱ ላይ ነጭና ጥቁር መስመር ያለው አጭር እግር እንስሳ ነው። በእኛም አገር የንብ ቀፎ እየሰበረ ማር የሚበላ ዘመድ አለው፤ ሆኖም ለብሩሽ የሚውለው የአውሮፓና የእስያው ባጀር ጸጉር ነው። የባጀር ጸጉር ለዚህ ሥራ የተመረጠበት ምክንያት በቅርጹ ላይ ነው። አንዱን ጸጉር ነጥሎ ብርሃን ላይ ለያዘው ሰው ሥሩ ፈዛዛ፣ መካከሉ ጠቆር ያለ፣ ጫፉ ደግሞ ነጣ ያለ ሆኖ ይታያል፤ መካከሉ ወፈር ብሎ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። መካከሉ መወፈሩ ብሩሹ እንዳይተኛና እንዲቆም ያደርገዋል፤ ጫፉ መቅጠኑ ቆዳን እንዳይወጋ ያደርገዋል፤ በጸጉሮቹ መካከል የሚቀረው ክፍተትም ሙቅ ውኃን ይዞ ያቆያል። ይህ የመጨረሻው ጠባይ በሞቃት አገር ለሚኖር ሰው እንደ ተጨማሪ ምቾት ሊታይ ይችላል፤ ለደብረ ብርሃን ሰው ግን የነገሩ ሁሉ ዋና ነው።

ሻጮች የባጀር ጸጉርን በደረጃ ይከፋፍሉታል። በማሸጊያው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ፒዩር፣ ቤስት፣ ሱፐር እና ሲልቨርቲፕ የሚሉ ቃላት ይገኛሉ። ፒዩር የሚባለው ጠቆር ያለ፣ ሻካራና ርካሽ ነው፤ ሲልቨርቲፕ የሚባለው ደግሞ ጫፉ በተፈጥሮው ነጭ የሆነ፣ ለስላሳና ውድ ነው፤ ሌሎቹ በመካከል ይገኛሉ። እኔ ያደግሁት መንዝ ውስጥ ነው፤ እናቴ የበግ ጸጉር ስትለይ የሆዱን ለብቻ፣ የጀርባውንና የትከሻውን ለብቻ ታስቀምጥ ነበር፤ ለባና የሚሆነውና ለበርኖስ የሚሆነው አንድ እንዳልሆነ ጣቷ ያውቅ ነበር። የባጀሩም አከፋፈል ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ጸጉሩ ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደተወሰደ፣ ምን ያህል እንደተበጠረና እንደተለየ ነው ደረጃውን የሚወስነው። ልዩነቱ መንዝ ውስጥ ገዢም ሻጭም ጸጉሩን በጣታቸው ዳስሰው መስማማታቸው ሲሆን፣ በብሩሽ ገበያ ግን እነዚህን የደረጃ ስሞች የሚቆጣጠር አንድ የጋራ መለኪያ የለም። አንዱ ሠሪ ቤስት ብሎ የሚሸጠውን ሌላው ሱፐር ይለዋል። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቃል አምኖ መግዛት በጉን ሳያዩ በስልክ እንደመግዛት ነው።

ከደረጃው ይልቅ ልብ ሊባሉ የሚገቡት ሦስት ልኮች ናቸው። የመጀመሪያው የጸጉሩ እስር ከእጀታው በሚወጣበት ቦታ ያለው ውፍረት ሲሆን፣ በሚሊሜትር ይለካል፤ ከ20 በታች ያለው ለአብዛኛው ፊት ያንሳል፣ ከ26 በላይ የሆነው ደግሞ አረፋውን አፍንጫና ጆሮ ድረስ ያዳርሳል። ሁለተኛው ከእጀታው አፍ እስከ ጫፉ ያለው የጸጉሩ ቁመት ነው። ሦስተኛው በእስሩ ውስጥ ያለው የጸጉር ብዛት ነው፤ ይህን የሚነግር ቁጥር በማሸጊያው ላይ ስለማይጻፍ በእጅ ጨብጦ መገመት ያስፈልጋል። ሁለት ብሩሾች በውፍረት እኩል ሆነው አንዱ በቁመት ካጠረ፣ ያጠረው ጠንከር ይላል፤ የረዘመው ይለሰልሳል፣ ይንበለበላል። ይህን ሳላውቅ የገዛሁት የመጀመሪያው ብሩሽ ብዙ አስተምሮኛል።

እሱን የገዛሁት አዲስ አበባ ካለ አንድ ሱቅ ነበር። ፒዩር የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ ውፍረቱ 20 ሚሊሜትር ሲሆን ጸጉሩ ግን ሳሳ ያለ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በሙቅ ውኃ ስነክረው የእርጥብ እንስሳ ሽታ ሸተተኝ፤ ይህ በአዲስ የባጀር ብሩሽ ሁሉ ያለ ነገር ስለሆነ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ በሳሙና አራት አምስት ጊዜ ታጥቦ ሲደርቅ ይጠፋል። ያላለፈው ነገር ሌላ ነበር። ጫፉ ቆዳዬን ይወጋ ነበር፤ በኋላ በማጉያ መስተዋት ሳየው የጸጉሮቹ ጫፍ ተፈጥሯዊ ቅጥነቱን አጥቶ በመቀስ የተቆረጠ መሆኑን ተረዳሁ። ሠሪው ብሩሹን ቅርጽ ለማስያዝ ሲል ጫፉን ከከረከመው የባጀር ጸጉር ዋና ጥቅም ይጠፋል። ጸጉሩም ይረግፍ ነበር። አዲስ ብሩሽ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ጥቂት ጸጉር መጣሉ የተለመደ ነው፤ የእኔው ግን በአራተኛው ወር በየማለዳው አምስት ስድስት ጸጉር አረፋው ውስጥ ይተው ነበር። ይህ በእስሩ ግርጌ ያለው ማጣበቂያ ጸጉሩን እንዳልያዘው የሚያሳይ ስለሆነ መድኃኒት የለውም። ሱቁም መልሶ አልተቀበለኝም።

ሁለተኛውን ብሩሽ የእህቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። ደረጃው ቤስት፣ ውፍረቱ 24 ሚሊሜትር፣ የጸጉሩ ቁመት 50 ሚሊሜትር ነው፤ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለና ጫፉ እንደ አምፖል ክብ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ በሳምንት ቢያንስ አራት ቀን የምጠቀመው በዚህ ነው። በደረጃው ከሁሉ በላይ አይደለም፤ ነገር ግን ሲጫኑት ይመልሳል፣ ጠንካራ ሳሙናን ቶሎ ያነሳል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥቅጥቅነቱ ሙቀቱን ይዞ ያቆይለታል። በጥር ማለዳ በሙቅ ውኃ ነክሬ የመጀመሪያውን ዙር ከተላጨሁ በኋላ ለሁለተኛው ዙር ብሩሹን ወደ ፊቴ ስመልሰው አረፋው አሁንም ለብ ያለ ነው። ይህን ሌሎቹ ብሩሾቼ እኩል አላደረጉልኝም።

ሦስተኛው ሲልቨርቲፕ ነው፤ የአንድ የሰባ በግ ዋጋ አስከፍሎኛል። ውፍረቱ 26፣ ቁመቱ 57 ሚሊሜትር ነው። ልስላሴው እውነት ነው፤ ፊት ላይ ሲያርፍ ጸጉር የነካው አይመስልም፤ ውኃም ብዙ ይይዛል። ነገር ግን ቁመቱ ከውፍረቱ ጋር ሲነጻጸር ረጅም ስለሆነ ሲጫኑት ይተኛል፤ ደረቅ የሆነ የሳሙና ቁራጭ ላይ ሲያሽከረክሩት ሳሙናውን ከማንሳት ይልቅ በላዩ ላይ ይንሸራተታል። ከቱቦ ለሚወጣ ለስላሳ ክሬም ወይም ቆዳው እጅግ ስስና ለሚቆጣ ሰው ይህ ብሩሽ ተስማሚ ነው። ለእኔ ጺም ግን የዋጋው ልዩነት የሥራ ልዩነት አላመጣልኝም፤ በግልጽ መናገር ካለብኝ፣ ከሁለተኛው ሦስት እጥፍ ከፍዬ ከሁለተኛው ያነሰ አገልግሎት አግኝቼበታለሁ።

ምክንያቱን ለማስረዳት ስለ ጥቅልል ጺም መናገር ያስፈልጋል። የጺማችን ጸጉር ከቆዳ ሲወጣ ይታጠፋል፤ በጣም ተጠግቶ ሲቆረጥ ሹል የሆነው ጫፉ ተመልሶ ወደ ቆዳ ይገባል፤ በአንገት ላይ የምናየው እብጠትና ጥቁረት በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። መፍትሔው ምላጩን ደጋግሞ ማሳለፍ አይደለም፤ ቆዳን ሳይወጥሩ፣ ጸጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ፣ ጸጉሩ በደንብ ከራሰና ከቆመ በኋላ መላጨት ነው። ብሩሽ የሚሠራውም ይህንኑ የመጨረሻ ነገር ነው፤ ጫፉ በጸጉሮቹ መካከል እየገባ የተኛውን ያነሳል፣ አረፋውን እስከ ሥሩ ያደርሳል፣ ቆዳውንም በቀስታ ያሻል። ይህን ለማድረግ ብሩሹ ልስላሴ ብቻ ሳይሆን ትንሽ አቅም ሊኖረው ይገባል። ቀጥ ያለና ሳሳ ያለ ጺም ያላቸው አገሮች ሰዎች ስለ ሲልቨርቲፕ የሚጽፉት ውዳሴ በእኛ ፊት ላይ ሙሉ በሙሉ የማይሠራው ለዚህ ይመስለኛል።

ይህን በሚገባ የተረዳሁት አባቴ ባረፉ ጊዜ ነው። እንደ አገራችን ወግ በሐዘን ጺሜን ሳልነካ ቆይቼ ከአርባው በኋላ ለመላጨት ስቀመጥ ጸጉሩ ረዝሞና ተጠቅልሎ ነበር። ለዚያ ቀን ወደ አንድ የቆዩ ጸጉር አስተካካይ ሄድኩ፤ በወጣትነታቸው በብሩሽና በረጅም ምላጭ ሲሠሩ የኖሩ አዛውንት ናቸው። ቤስቱንና ሲልቨርቲፑን ብሩሽ ይዤ ነበርና እንዲመርጡልኝ ሰጠኋቸው። በመጀመሪያ በመቀስ አሳጠሩት፤ ከዚያ ሁለቱን በመዳፋቸው ተጭነው አዩና ቤስቱን ብሩሽ አነሱ። እኔ ራሴ ልጨርሰው ብዬ ብሩሹን ስቀበላቸው፣ «ልጄ፣ አትጫነው፤ ግድግዳ እንደሚለቀልቅ ሰው አትሁን። ጫፉ ነው የሚሠራው፤ ሆዱ ውኃ ይጠብቅልሃል» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ እንዳሉት አደረግሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሩሹን ፊቴ ላይ በክብ ማሽከርከር የማደርገው መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀለም እንደሚቀባ ሰው ወዲያና ወዲህ አደርገዋለሁ። ሁልጊዜ በኃይል እየተጫኑ የሚያሽከረክሩት ብሩሽ ጸጉሩ ከመካከሉ እየተሰበረ ይሄድና መሐሉ ባዶ ጉድጓድ ይሆናል።

አረፋ አሠራሩ በጽሑፍ ከባድ ቢመስልም በእጅ ይለመዳል። ብሩሹን በሙቅ ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ እነክረዋለሁ፤ ውኃው ግን ከሚፈላ ማንቆርቆሪያ በቀጥታ የተቀዳ መሆን የለበትም። በደብረ ብርሃን ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ይህም ቢሆን ጸጉሩን የሚያደርቅና በግርጌው ያለውን ማጣበቂያ የሚያላላ ሙቀት ነው። እጅ ሳይቃጠል ሊገባበት የሚችል ውኃ ይበቃል። እጀታው የቀንድ ወይም የእንጨት ከሆነ ደግሞ ጸጉሩን ብቻ እንጂ እጀታውን መንከር አይገባም፤ ቀንድ በሙቅ ውኃ ይጣመማል፣ እንጨትም ይሰነጠቃል። ከዚያ ብሩሹን አንዴ ሁለቴ አራግፌ በሳሙናው ላይ ለሃያ ሠላሳ ሰከንድ አዞረዋለሁ። ቀጥሎ በጎድጓዳ ሳህን ወይም እዚያው ፊት ላይ ውኃ በጠብታ እየጨመርኩ እመታዋለሁ። አረፋው እንደ ረጋ እርጎ ወፍሮ፣ ሲያዩት የሚያብረቀርቅና ትላልቅ አረፋ የሌለበት ሲሆን ደርሷል ማለት ነው። ቀለል ብሎ ከፍ ካለና ፊት ላይ እያለ ከደረቀ ውኃ አንሶታል፤ ከአንገት ወደ ደረት ከፈሰሰ ውኃ በዝቶበታል። በእኛ ደረቅ የበጋ አየር አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው በመጀመሪያው በኩል ነው።

ውኃውም ራሱ ልዩነት ያመጣል። በማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውኃ ሳሙናን አረፋ ከማድረግ ይከለክላል፤ በሳሙናና በውኃው ማዕድን መካከል የሚፈጠረው ዝቃጭም በብሩሹ ሥር ይከማቻል። በክረምት ከጣሪያ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ከዚህ ነጻ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ በእሱ ስላጭ ግማሽ በሆነ ሳሙና ያንኑ ያህል አረፋ አገኛለሁ።

ብሩሽን የሚገድለው ግን አጠቃቀሙ ብቻ ሳይሆን ከተጠቀሙ በኋላ የሚደረገው ነገር ነው። ሳሙናው ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ በመዳፍ ጨመቅ ማድረግ፣ ሳይጠመዝዙና ሳይጎትቱ ማራገፍ፣ በፎጣ ላይ ወዲያና ወዲህ ማድረግ፣ ከዚያ አየር በሚያገኝበት ቦታ ማኖር በቂ ነው። ተሰቅሎ ይድረቅ ወይስ ቆሞ የሚለው ክርክር ብዙ ቃል ቢፈጅም፣ እኔ በሁለቱም መንገድ አድርቄ ልዩነት አላየሁም። ልዩነት ያየሁት በቦታውና በወቅቱ ነው። በበጋ ደብረ ብርሃን ላይ ጥቅጥቅ ያለው ብሩሼ እስከ ማታ ደርቆ ያድራል። በክረምት ግን፣ በተለይ ለሥራ ደብረ ሲና በከረምኩበት ነሐሴ፣ ከጣርማ በር የሚወርደው ጉም ቀኑን ሙሉ በቤቱ ውስጥ ሲመላለስ ብሩሹ በማግስቱም ከሥሩ እርጥብ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የሻጋታ ሽታ አመጣ። በለዘብተኛ ሻምፑ ካጠብኩት በኋላ፣ አንድ እጅ አቼቶ በአሥር እጅ ለብ ያለ ውኃ በጥብጬ ለጥቂት ደቂቃ ነከርኩትና ደጋግሜ አለቀለቅሁት፤ ሽታው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በክረምት ሁለት ብሩሾችን በየተራ እጠቀማለሁ፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይሠራል። እርጥቡን ብሩሽ በተዘጋ ሳጥን ወይም በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ በማንኛውም ወቅት የማይደረግ ነው።

አራተኛው ብሩሽ ወደ ቦርሳዬ የገባውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ሰው ሠራሽ ጸጉር ያለው፣ 24 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብሩሽ ሲሆን፣ መንከር አያስፈልገውም፣ አይሸትም፣ በሁለት ሦስት ሰዓት ይደርቃል፣ ዋጋውም ከቤስቱ ግማሽ በታች ነው። ሸዋ ሮቢት ወርጄ ስሰነብት የምይዘው እሱን ነው፤ በቆላው ሙቀት አረፋን ለብ አድርጎ ማቆየት ማንም አይፈልግም። የጎደለው ነገር ሙቅ ውኃን እንደ ባጀሩ አለመያዙና አረፋውን አንዴ በብዛት ለቅቆ ለሁለተኛው ዙር ጥቂት ብቻ ማስቀረቱ ነው። ለጀማሪ ግን ርካሽ ከሆነ ፒዩር ባጀር ይልቅ ይህን ያለ ማመንታት እመክራለሁ።

በገበያው ሁለት ሌሎች ጸጉሮችም አሉ። የፈረስ ጸጉር በልስላሴ በአሳማና በባጀር መካከል ነው፤ የማሲንቆ አውታርና የዝንብ ጭራ የሚሠሩበት ጸጉር ስለሆነ ጠንካራነቱ ለእኛ አዲስ አይደለም። የአሳማ ጸጉር ብሩሽ ደግሞ በጣሊያንና በፖርቱጋል ብዙ የሚሠራ ሲሆን፣ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ውኃን ራሱ ጸጉሩ ስለሚመጥ አስቀድሞ መነከር ይፈልጋል፣ በአጠቃቀም ጫፉ እየተሰነጠቀ ይለሰልሳል። በእኛ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማን ስለሚጸየፍ፣ ይህን ብሩሽ ሳያውቅ ገዝቶ በፊቱ ላይ ያሸ ሰው ኋላ ሲነገረው የሚሰማውን ቅሬታ መገመት አያዳግትም። ሻጩ የምን ጸጉር እንደሆነ በግልጽ ሊናገር፣ ገዢውም ሊጠይቅ ይገባል። ከእንስሳ የመጣ ማንኛውም ጸጉር ልቡን የሚከብደው ሰው ሰው ሠራሹን ቢይዝ ብዙ አይጎድልበትም።

ጸጉሩ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ የሚቻልባቸው ቀላል መንገዶች አሉ። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አጥብቀው ሲያሹት ቀለም የሚለቅ ከሆነ መካከሉ ያለው ጥቁር ቀበቶ ተቀብቶ የመጣ ነው። ጸጉሮቹ ሁሉ በአንድ መስመር፣ በአንድ ርዝመት፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ጥቁረት ካላቸውም መጠርጠር ተገቢ ነው። ከረገፈው ጸጉር አንዱን በእሳት መንካትም ይበቃል፤ የእንስሳ ጸጉር የተቃጠለ ጸጉር ሽታ ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ፕላስቲኩ ግን ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይሆናል፤ መንዝ ላይ የበግ ጸጉርን ከሰው ሠራሽ ክር የሚለዩት በዚሁ ነው። የሌላ እንስሳ ጸጉርን ባጀር ማስመሰል አዲስ ነገር አይደለም፣ አደጋም አስከትሏል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በቅጡ ያልተጣራ የፈረስ ጸጉር የባጀር መልክ እየተሰጠው በብሩሽ ተሠርቶ ሲሸጥ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሰዎች ከፊታቸው ላይ በአባ ሰንጋ ተይዘዋል፤ የሞቱም ነበሩ። ከብት የሚያረባ የሰሜን ሸዋ ገበሬ ይህ በሽታ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዛሬ የታወቁ ሠሪዎች ጸጉሩን አጥበውና ከተሐዋስያን አጽድተው ነው የሚያስሩት፤ ያም ሆኖ ሠሪው ያልታወቀ ብሩሽን በፊት ላይ ከማዋል በፊት ማመንታት ተገቢ ነው። አንድን ብሩሽ ሳያጸዱ ከሰው ወደ ሰው ማዘዋወርም በማንኛውም ጸጉር ቤት መቆም ያለበት ልማድ ነው።

ስለ ሠሪዎቹ ጥቂት ልበል። በእንግሊዝ አገር ኬንት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1777፣ ሲምፕሰን ደግሞ በ1919 የተመሠረቱ ናቸው፤ በጀርመን ሙሌ በ1945 ሥራ ጀምሯል። ስማቸው የቆየ ቢሆንም የባጀሩ ጸጉር ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከቻይና ነው፤ በእንግሊዝ ባጀር እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣ ሕግ የሚጠበቅ እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ፔታ የተባለው የእንስሳት መብት ተሟጋች ድርጅት በቻይና ባጀሮች የሚያዙበትን አስከፊ ሁኔታ ካሳየ በኋላ አንዳንድ ነጋዴዎች የባጀር ብሩሽ መሸጥ አቁመዋል። ይህን ያወቅሁት ሦስቱንም ብሩሾች ከገዛሁ በኋላ ነው፤ አውቄም ዝም ማለት አልቻልኩም። አራተኛ የባጀር ብሩሽ አልገዛም፤ ያሉኝን በአግባቡ ይዤ ዕድሜያቸውን ማርዘም ግን ግዴታዬ አድርጌዋለሁ። በደንብ የተያዘ ብሩሽ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለግላል።

ይህን ውሳኔዬን ያቀለለልኝ አንድ ነገር አለ። የጸጉር እስሮች ከእጀታ ተለይተው ለብቻቸው ይሸጣሉ፤ ሰው ሠራሹም እንዲሁ። የመጀመሪያው መጥፎ ብሩሼ ጸጉር ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ፣ 24 ሚሊሜትር የሆነ ሰው ሠራሽ እስር አስመጥቼ ወደ አንድ እንጨት ሠራተኛ ይዤው ሄድኩ። ከደረቀ ወይራ እጀታ ጠረበልኝ፤ አፉን ከእስሩ ውፍረት በጥቂት አስፍቶ፣ ወደ ታች አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቆፈረው፤ እስሩን ሁለት ዓይነት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚጠነክር ማጣበቂያ አጣብቀን አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሳንነካው አሳደርነው፤ እጀታውን ውኃ እንዳይገባው ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባነው። እስሩ ጠልቆ በገባ መጠን ከላይ የሚቀረው ጸጉር አጥሮ ይጠነክራል፤ በዚህ ምክንያት ከማጣበቃችን በፊት በደረቁ ሦስት ጊዜ አስገብተን እያወጣን፣ በመዳፌ እየተጫንኩ፣ ከቤስቱ ባጀር ጋር የሚቀራረብ ጥንካሬ እስኪያገኝ ድረስ ጥልቀቱን አስተካከልነው። በስምንት ወር ውስጥ አንድ ጸጉር አልጣለም፤ የወይራው እጀታም አልተሰነጠቀም። ሙቀት መያዙ ከባጀሩ ያነሰ ስለሆነ፣ አረፋ የምመታበትን ጎድጓዳ ሳህን ሙቅ ውኃ ባለበት ሌላ ሳህን ውስጥ አስቀምጬ አረፋውን ለሁለተኛው ዙር ለብ እንዳለ አቆየዋለሁ።